ፕሮጀክታችንን ለፋውንዴሽን እንስጥ ወይስ ለድርጅት?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተማሪዎች እያለን ሦስት ሆነን የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር፣ በዓላትንና አጽዋማትን የሚያሰላ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ) ጻፍን። ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረግነው። አሁን የክሊኒክ መዝገብ ውስጥ አለ፤ የቁጠባና ብድር ማኅበራት ሶፍትዌር ውስጥ አለ፤ የማናውቃቸው ሰዎች ስልክ ውስጥም አለ። ከሦስታችን አንዱ ውጭ ሄዶ ድምፁ ጠፋ፤ ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ) በእሱ ስም ነው። ሁለተኛው ሥራ በዝቶበታል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ላይ ስህተት ተገኘ። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ማስተካከል አልቻልኩም። ድሬዳዋ ያለ አንድ ልጅ ማስተካከያውን ጽፎ ልኮ ነበር፤ የሚያጸድቅለት ሰው አልነበረም። ሰሞኑን አንድ ድርጅት ‹ስሙንም ኮዱንም ስጡን፣ እኛ እናሳድገዋለን፣ አንቺንም እንቀጥርሻለን› አለኝ። ሌሎች ደግሞ ለፋውንዴሽን ስጡት ይሉኛል። የትኛው? እዚሁ አገር እናቋቁም ወይስ ውጭ ካለው እንግባ? ከእጃችን ይወጣል ወይ? ፈቃዱ፣ ማለትም ሰው ኮዱን በምን ሁኔታ እንደሚጠቀምበት የሚወስነው ውል፣ ኤልጂፒኤል ነው።»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ስለ ዘጠኙ ዓመት እግዜር ይስጥልን። አንዲት እናት የወሊድ ቀጠሮዋ በትክክለኛው ቀን እንዲወጣላት እናንተ ሌሊት ቁጭ ብላችሁ ሠርታችኋል። ማንም አላያችሁም። እኔ ግን የዚህ ዓይነቱን ሥራ ክብደት አውቀዋለሁ።

አጭሩ መልሴ ይሄ ነው። ለፋውንዴሽን ስጡ፤ ግን ዛሬ አይደለም። ለድርጅቱ ደግሞ ስሙን በጭራሽ አትስጡ። ከፊታችሁ ስድስት ወር ያህል የሚወስድ የቤት ሥራ አለ። እሱን ሳትሠሩ ብትገቡ የሚቀየረው አድራሻችሁ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ፋውንዴሽን ሲባል ሠራተኛ የሚልክ፣ ኮድ የሚጽፍ፣ ደሞዝ የሚከፍል ይመስለዋል። አይደለም። የፋውንዴሽን ዋና ሥራ መያዝ ነው። ስሙን ይይዛል፣ ዶሜይኑን ይይዛል፣ ገንዘቡን ይይዛል፣ ውል ሲመጣ ይፈርማል። ሰው ሲሞት፣ ሲሰደድ፣ ሲሰለቸው ንብረቱ አብሮት እንዳይሄድ ያደርጋል። ይሄን ከእድር የተሻለ የሚያስረዳልኝ ነገር የለም።

እኔ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ። አባቴ የሰፈራችን እድር ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ትልልቆቹ ብረት ድስቶች፣ ሳህኑና ብርጭቆው ሁሉ የሚቀመጠው በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነበር። ቁልፉ አንድ ነው። አባቴ በጥቁር ክር አስረው አንገታቸው ላይ ያደርጉታል። አንድ ክረምት ታመሙና ለሕክምና ወደ ባሕር ዳር ተወሰዱ። ቁልፉም አብሯቸው ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሰፈር ውስጥ ሰው ሞተ። ዝናቡ አያባራም። ድንኳኑ ክፍሉ ውስጥ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ማውጣት ግን የሚችል የለም። በመጨረሻ አንድ ጎረቤት መዶሻ ይዞ መጣና ጓጉንቸሩን ሰበረው። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ እድርተኛው ተሰብስቦ ደንቡን አሻሻለ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ተቀርጾ በሦስት ሰው እጅ እንዲሆንና ማንኛቸውም ለብቻቸው እንዲከፍቱ ተወሰነ። የገንዘብ ሳጥኑን ግን እንደዚያ አላደረጉትም። እሱ ሦስት ጓጉንቸር አለው። ሦስቱ ቁልፍ ያዦች ካልተገናኙ አይከፈትም።

ይሄን ልዩነት ልብ በይልኝ። እናንተ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ላይ የገጠማችሁ የድንኳኑ ችግር ነው። ማስተካከያው ተጽፎ ነበር፣ ድሬዳዋ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። ቁልፉ ግን አንቺ ጋ ደብረ ማርቆስ ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ያኔ ኢንተርኔት አልነበረም። ስህተት የማረምና አዲስ ቨርዥን የማውጣት መብት እንደ ዕቃ ቤቱ ቁልፍ ነው፤ በተለያየ ከተማ፣ ቢቻል በተለያየ አገር ባሉ ሦስት አራት ሰዎች እጅ መሆን አለበት፤ አንዱ ብቻውን እንዲከፍት። ስሙ፣ ዶሜይኑና ገንዘቡ ደግሞ እንደ ሳጥኑ ናቸው። ማንም ለብቻው ሊነካቸው አይገባም። ፋውንዴሽን የሚጠቅማችሁ ለሳጥኑ ነው። የድንኳኑን ጉዳይ ማንም አይፈታላችሁም፤ እናንተው ዛሬ ማታ ልትፈቱት ትችላላችሁ።

እንዴት? ፕሮጀክቱ ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ በግል አካውንትሽ ስር ካለ ኦርጋናይዜሽን (የጋራ አካውንት) ክፈቺና አዛውሪው። የድሮው አድራሻ ወደ አዲሱ ስለሚመራ ማንም አይጠፋም። የድሬዳዋውን ልጅ ባለሙሉ መብት አድርጊው። ልጁን በአካል አላውቀውም ትያለሽ ይሆናል። ስንት ዓመት ኮድ ልኮልሻል? ስንቱን ገምግመሽ አስገብተሻል? ሰውን ከዚህ በላይ በምን ታውቂዋለሽ? ፓኬጁን (ተጠቃሚ የሚያወርደውን ቅጂ) የምታወጡባቸው ቦታዎች ላይም እንደዚያው ሁለት ሦስት ባለቤት ጨምሪ። ከይለፍ ቃል በኋላ የሚጠየቀው ሁለተኛው ማረጋገጫ አንድ ስልክ ላይ ብቻ ከሆነ ስልኩ የጠፋ ቀን ፕሮጀክቱም ጠፋ ማለት ነው። የመጠባበቂያ ኮዶቹን በወረቀት አትሚና ከዲግሪሽ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጪ። ጳጉሜ 6 የሚመጣው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው፤ ቀጣዩ በ2019 ነው። ያን ቀን መብራትም ኢንተርኔትም ቢጠፋ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ማረም መቻል አለበት።

የዶሜይኑን ነገር ሳነብ ደግሞ ሆዴ ባባ፤ እኔም ላይ ደርሷል። ከዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር የምንሠራው አንድ ፕሮጀክት ነበረን። ዶሜይኑን የገዛው አንዱ ጓደኛችን በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ነው። ሥራ ሲቀይር ኢሜይሉ ተዘጋ። የእድሳት ማስታወቂያው ወደተዘጋው ሳጥን ይላካል፤ ማንም አያየውም። አንድ ማክሰኞ ጧት ባሕር ዳር ቁርስ እየበላሁ ገጻችንን ስከፍት የቁማር ማስታወቂያ መጣ። ጣቴ ላይ ያለው ፍርፍር እንደተንጠለጠለ ቀረ። አንድ የማናውቀው ሰው ገዝቶት ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ መጽሐፍና መመሪያ ላይ ያተምነው አድራሻ በአንድ ሌሊት የሌላ ሰው ሆነ። ማስመለስ አልቻልንም። ስሙን ቀየርን። ግማሹ ተጠቃሚ አልተከተለንም።

ስለዚህ የቤት ሥራችሁ የሚጀምረው ከዝርዝር ነው። አንድ ወረቀት ላይ ስሙን፣ አርማውን፣ ዶሜይኑን፣ የኮዱን ቦታ፣ የፓኬጅ አካውንቶቹን፣ ሰርቨሩን፣ የቴሌግራም ግሩፑን፣ ገንዘብ ካለም ያለበትን ጻፉ። ከእያንዳንዱ ጎን አሁን በማን እጅ እንዳለና መቼ እንደሚያልቅ አስቀምጡ። ማንኛውም ደህና ፋውንዴሽን መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይሄንን ነው።

ከዚያ ከባዱ ጉዳይ ይመጣል። ኮዱ የማን ነው? ክፍት መሆኑ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። እያንዳንዱ መስመር የጻፈው ሰው ንብረት ነው። ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንት ሰው እጁን እንዳስገባ፣ የኮድ ለውጥን የሚመዘግበው ጊት ራሱ ይነግርሻል፤ የአስተዋጽኦ አድራጊዎቹን ስም አውጪና ቁጠሪ። ሦስት ነን ብለሽ ሠላሳ ሆነው ብታገኚያቸው አይግረምሽ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳትዘነጊ። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሠራተኛ በሥራው ምክንያት የፈጠረው ነገር፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ነው። ከእናንተ አንዱ ተቀጥሮ ሳለ በሥራ ሰዓት፣ ለመሥሪያ ቤቱ ተብሎ የጻፈው ክፍል ካለ ከአሠሪው አንድ ገጽ ደብዳቤ አምጡ። «ይህ ኮድ በኤልጂፒኤል እንዲወጣ ፈቅደናል» የሚል፣ ማኅተም ያለው። አሁን ሰዎቹ ሲያውቋችሁ ቀላል ነው። ኃላፊው ከተቀየረ በኋላ መከራ ነው።

ወደፊት ለሚመጣው ኮድ ደግሞ ሰዎችን ረጅም ውል አታስፈርሙ። የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው አስኳል) ሰዎች ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀሙበት ቀላል መንገድ አለ። ኮድ የሚልክ ሰው ከመልእክቱ ግርጌ «ይህን ለመስጠት መብት አለኝ» የሚል ትርጉም ያለው አንዲት መስመር ከነስሙ ይጨምራል። በቃ። ለእናንተ ይበቃል።

አሁን ወደ ድርጅቱ ግብዣ። ቅጥሩን ከወደድሽው ተቀበይ። ደሞዝ እየተከፈለው ኦፕን ሶርስ (ክፍት ኮድ) የሚሠራ ሰው ማየት ደስ ይለኛል፤ አንቺም ይገባሻል። ስሙን ግን አትስጪ። ሰዎቹን ለመጠርጠር አይደለም። ዛሬ የሚያናግሩሽ ቅን ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ድርጅት ይሸጣል፣ ይከስራል፣ ሥራ አስኪያጅ ይቀይራል። ያኔ ቃል የገባልሽ ሰው ወንበሩ ላይ የለም።

የጽሕፈትና የሠንጠረዥ ሶፍትዌር የሆነውን የኦፕን ኦፊስን ታሪክ ልንገርሽ። ፕሮጀክቱ ለዓመታት ሰን ማይክሮሲስተምስ በሚባል ኩባንያ እጅ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኦራክል የሚባል ሌላ ኩባንያ ሰንን ጠቅልሎ ገዛው። ገንቢዎቹ ሰጉ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ዶክዩመንት ፋውንዴሽን የሚል ስብስብ መሥርተው ስሙን ለዚህ ስጡን ብለው ጠየቁ። አላገኙም። ኮዱን ይዘው ሊብሬ ኦፊስ በሚል አዲስ ስም ቀጠሉ። ኦራክል ኦፕን ኦፊስን ለአፓቼ ፋውንዴሽን የሰጠው በ2011 አጋማሽ ነው። ሰጠ፣ ግን ዘገየ። ስሙ ፋውንዴሽን ሲገባ ሰዎቹ ወጥተው ነበር። ዛሬ ሕያው ሆኖ የሚያድገው ሊብሬ ኦፊስ ነው። በዚያው ዘመን ሃድሰን የሚባለው ፕሮጀክትም በስሙ ይገባኛል ጥያቄ ምክንያት ገንቢዎቹ በ2011 ጄንኪንስ ብለው ስም ቀይረው ወጡ። ኮድ ሁልጊዜ ይዘሽ መውጣት ትችያለሽ፤ ፈቃዱ ይፈቅድልሻል። ስም ግን ይዘሽ አትወጪም። ክሊኒኩ የሚያውቀው ደግሞ ስሙን ነው።

ደስ የሚለው ታሪክም አለ። ኖድ ጄኤስ የሚባለው የፕሮግራም ማስኬጃ በአንድ ኩባንያ እጅ ሳለ ገንቢዎቹ ተማረሩና በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አይኦ ጄኤስ ብለው ተገነጠሉ። ሁለት ቤት ሆነ። በ2015 ሊኑክስ ፋውንዴሽን ስር የኖድ ጄኤስ ፋውንዴሽን ሲቋቋምና የአስተዳደሩ ደንብ ሲስተካከል ተመልሰው ተገናኙ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የወጣው ቨርዥን 4 የሁለቱ ቤት ሥራ በአንድ ላይ ነው። ያስታረቃቸው ማንም ለብቻው የማያዝበት ቤት ማግኘታቸው ነው።

ስለዚህ ለድርጅቱ እንዲህ በይ፦ «ኑ፣ አብረን እንሥራ። ሠራተኛ መድቡ፣ ሰርቨር ክፈሉ፣ ስማችሁን ደጋፊ ብለን እናስቀምጣለን። ስሙና ዶሜይኑ ግን የጋራ ቤት ሊገባ ነው።» በዚህ የሚቀየም ድርጅት ቀድሞውንም የፈለገው ስሙን ነበር።

የትኛው ፋውንዴሽን ለሚለው።

አፓቼን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው መጀመሪያ ይጠራል። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ የተከበረ ቤት ነው። አዲስ ገቢ በቀጥታ አይገባም፤ ኢንኩቤተር በሚባለው በኩል፣ አማካሪ ተመድቦለት፣ ተፈትኖ ነው የሚያልፈው። ውሳኔ ሁሉ በይፋ በሚታይ የኢሜይል መድረክ ላይ ይደረጋል። ቨርዥን ለማውጣት ቢያንስ ሦስት የድጋፍ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ድምፁ በተለምዶ 72 ሰዓት ክፍት ይሆናል። ሥርዓቱን እወደዋለሁ። ለእናንተ ግን አይሆንም። የአፓቼ ፕሮጀክቶች የሚወጡት በራሱ በአፓቼ 2.0 ፈቃድ ነው፤ የእናንተ ኤልጂፒኤል ነው። ፈቃድ ለመቀየር ኮድ የሰጠውን ሰው ሁሉ ማስፈቀድ ነው። የቪዲዮ ማጫወቻው የቪኤልሲ ሰዎች በ2011 እና 2012 እ.ኤ.አ. ከጂፒኤል ወደ ኤልጂፒኤል ሲዞሩ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን አንድ በአንድ ፈልገው ነው። እናንተ ሦስተኛ መሥራቻችሁን እንኳ አላገኛችሁም።

ሊኑክስ ፋውንዴሽን ደግሞ ትልልቅ ኩባንያዎች ተሰብስበው ገንዘብ ለሚያዋጡበት ሥራ የተመቸ ነው። ጉግል ኩበርኔቲስ የሚባለውን የሰርቨር ሶፍትዌር በ2015 እ.ኤ.አ. የሰጠው በዚያ ስር ላለ ፋውንዴሽን ነው። ለእናንተ ሰፊ ነው። እግር ሳይኖር ትልቅ ጫማ መግዛት ይሆናል።

ለእናንተ ልክ የሚሆነው ትናንሽ ፕሮጀክቶችን በጥላው ስር የሚያስጠልል ዓይነት ነው። የራሳችሁን ሕጋዊ ድርጅት አትመሠርቱም፤ የእነሱ ሕጋዊ ሰውነት ይሸፍናችኋል። ሁለት ልጥቀስ። ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ጊት ራሱ እዚያ ነው። ከሚገባው ገንዘብ 10 በመቶ ለአስተዳደር ይወስዳል፤ በሕግ ጉዳይ በደንብ ይቆማል፤ መራጭም ነው። ሶፍትዌር ኢን ዘ ፐብሊክ ኢንተረስት ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. ዴቢያን ለሚባለው የሊኑክስ ስርዓት ተብሎ የተቋቋመ ነው። ፖስትግሬስ የሚባለው የመረጃ ቋት ሶፍትዌርም እዚያ ነው። 5 በመቶ ይወስዳል። በውስጥ ጉዳይ አይገባም፤ ተወካያችሁን ስጡኝ፣ ውሳኔያችሁን በእሱ በኩል ንገሩኝ ይላል። እኔን ብትሰሚኝ መጀመሪያ የምታንኳኩት ይሄኛውን ነው። የሚይዝላችሁ ጥቂት ነገር ነው፤ ሥርዓቱም እንደ ጥቂት ሰዎች ቤት ቀለል ያለ ነው።

እዚሁ አገር ማቋቋም አይቻልም ወይ? ይቻላል። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ተመዝግቦ ማኅበር መሆን ይቻላል። ልቤ የሚፈልገውም ይሄንን ነው። ጎጃም ውስጥ የተጻፈ ኮድ በራሳችን ቤት ቢቀመጥ ማን ይጠላል? ግን ሥራውን እዪው። ጠቅላላ ጉባኤ፣ ቦርድ፣ ቢሮ፣ የሥራ ሪፖርት፣ የሂሳብ ሪፖርት፣ ኦዲት። ይሄን ሁሉ ማን ይሠራል? አንቺ። ኮዱን የሚያየው ብቸኛ ሰው ኦዲተር ፍለጋ ሲንከራተት ይውላል። የብሌንደር (የአኒሜሽን ሶፍትዌር) ሰዎች በ2002 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ፋውንዴሽን መሥርተው፣ 100,000 ዩሮ በሰባት ሳምንት ከሕዝብ አሰባስበው ኮዱን ከባለሀብቶች ገዝተው ነፃ አውጥተዋል። ሳነበው ሁሌም ደስ ይለኛል። እነሱ ግን ሙሉ ጊዜውን የሰጠ ሰውና በሺህ የሚቆጠር ተጠቃሚ ነበራቸው። እናንተ ሥልጠና መስጠት፣ ከአገር ውስጥ ለጋሾች ብር መቀበል ስትጀምሩ ያኔ ማኅበር መሥርቱ። ስሙ ፋውንዴሽኑ ጋ ሆኖ ማኅበሩ እዚህ ሥራ ሊሠራ ይችላል።

ስሙን በንግድ ምልክትነት ማስመዝገብን ጠይቀሽኝ ባይሆንም ልጨምርልሽ። አገር ውስጥ ምዝገባው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በኩል ነው፤ ለ7 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይታደሳል። አሁን በራስሽ ስም ለማስመዝገብ አትሩጪ፤ በኋላ ማዛወሩ ሌላ ወጪ ነው። ሌላ ሰው ሊያስመዘግበው ሲንቀሳቀስ ካየሽ ግን ቅደሚው።

ከእጃችን ይወጣል ወይ ላልሽው፣ እውነቱን ልንገርሽ። ስሙ ይወጣል። ሥራው አይወጣም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፋውንዴሽን የተቋቋመው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። ግን እስከ 2018 ድረስ በቋንቋው ጉዳይ የመጨረሻውን ቃል ይናገር የነበረው መሥራቹ ጊዶ ቫን ሮሰም ነበር። እሱ በቃኝ ሲል በ2019 መጀመሪያ ላይ አምስት ሰዎች ያሉት ምክር ቤት ተመረጠ። ፋውንዴሽኑ ንብረቱን ያዘ እንጂ ማን ይወስን የሚለውን አልመለሰም። ያንን መመለስ የእናንተ ፋንታ ነው።

አንድ ገጽ ደንብ ጻፉ፤ እድር ደንብ እንዳለው። ማን አባል ነው? አዲስ ሰው እንዴት ይገባል? ካልተስማማን ማን ይወስናል? ስድስት ወር የጠፋ ሰው መብቱ ምን ይሆናል? የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለሉት። ያለ ቂም ቁልፉን የሚመልስበት፣ ሲመለስም መብቱን የሚያገኝበት መንገድ አስቀምጡ። ከዚያ በደንቡ መሠረት አንድ እውነተኛ ውሳኔ አንቺ ሳትኖሪ ይወሰን። ለአንድ ወር ዞር በይ። ቨርዥን ያውጡ። ካወጡ ዝግጁ ናችሁ፤ ማመልከቻ ጻፉ። ካላወጡ የጎደለውን አያችሁ።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ፤ ቋንቋ። ውጭ ያለ ቤት ስትገቡ ውይይቱ ቀስ በቀስ ወደ እንግሊዝኛ ይሳባል። ስለ ባሕረ ሐሳብ (የበዓላትና የአጽዋማት አቆጣጠር) የሚያርሟችሁ፣ መጥቅዕና አበቅቴን በቃላቸው የሚያሰሉ የቅኔ ቤት ሰዎች ግን በእንግሊዝኛ አይጽፉም። እነሱን ካጣችሁ ኮዱ ትክክል መሆኑን ማን ይነግራችኋል? የአማርኛውን ግሩፕ አትዝጉ። ውይይቱ በአማርኛ ይሁን፤ ውሳኔው ብቻ በየሳምንቱ በአንድ አንቀጽ እንግሊዝኛ ለሁሉም በሚታይ ቦታ ይጻፍ። ይሄን ሥራ ለአንድ ሰው ስጡት፤ ስሙንም በክብር አስቀምጡት።

ውል ስትፈርሙ ደግሞ መውጫውን አንብቡ። ፋውንዴሽንም ይዘጋል። ኦፕን ኮሌክቲቭ ፋውንዴሽን የሚባለው በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሊዘጋ መሆኑን ሲያሳውቅ በመቶ የሚቆጠሩ ስብስቦች በወራት ውስጥ ሌላ ጥላ ፍለጋ ወጡ። «ከወጣን ወይም ከተዘጋችሁ ስሙ፣ ዶሜይኑና ቀሪው ገንዘብ ወደ ሌላ ተመሳሳይ ዓላማ ወዳለው ቤት ይዛወራል» የሚል አንቀጽ መኖሩን እዩ። ከሌለ ጠይቁ።

በመጨረሻ ውጭ ስለሄደው ሦስተኛው መሥራች። ስልክ አያነሳም፣ መልእክት አይመልስም ብለሻል። እናቱ ቢቸና መሆናቸውን ደግሞ በሌላ መስመር ጽፈሽልኛል። ሂዱ። አንቺና ሁለተኛው ጓደኛችሁ፣ ቡናና ስኳር ይዛችሁ፣ ቢቻል በሁለታችሁም ዘንድ የሚከበር አንድ ትልቅ ሰው ጨምራችሁ። ስለ ዶሜይን አትጀምሩ። ልጃቸው የሠራው ነገር ስንት ክሊኒክ ውስጥ እንዳለ ንገሯቸው፤ ምናልባት እስከ ዛሬ ማንም አልነገራቸው ይሆናል። ልጁ የጠፋው አፍሮ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ያየኋቸው ብዙዎቹ ጠፊዎች እንደዚያ ናቸው። ሥራውን ጥዬ ሄድኩ ብለው ያፍራሉ፣ ሲያፍሩ ይዘጋሉ። እናቱ ፊት ስልኩ ከተነሳ የምትጠይቁት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የዶሜይኑ ማዛወሪያ ኮድ፣ የጻፈው ኮድ በኤልጂፒኤል እንደወጣ የሚያረጋግጥ አጭር ኢሜይል፣ ስሙ ወደ ጋራ ቤት እንዲገባ መስማማቱ። ስሙ ከመሥራቾች ዝርዝር እንደማይነሳም ንገሩት። የዶሜይኑ ጊዜ የሚያልቀው በጥር ነው ብለሻል። ከገና በፊት ሂዱ።